የአስማት መጽሐፍ በምን ይመዘናል? የጁንና መርሳን መነሻ ያደረገ የታሪክ ጥናት

በአማርኛ «አስማት» የሚባለው ቃል በግዕዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ሲሆን፣ የቃሉ ፍች «ስሞች» ማለት ነው። «ጠልሰም» ከግሪክኛ ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባ ቃል ነው። «ክታብ»ም ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው ጽሕፈት ወይም መጽሐፍ ማለት ነው፤ ኋላ ግን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ በአንገት ወይም በክንድ የሚታሰረውን ጽሑፍ ለማመልከት ውሏል። «ሥራይ» የሚለው የግዕዝ ቃል ደግሞ እንደ አገባቡ መድኃኒትም፣ መርዝም፣ ምትሐትም ይሆናል። እነዚህ ቃላት ብቻቸውን እንደሚያስረዱት፣ በኢትዮጵያ የአስማት መጽሐፍ ከአንድ ምንጭ የተቀዳና አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ስሙም፣ ሥዕሉም፣ ጸሎቱም፣ የዕፅ ሥሩም በአንድነት ተሰብስበው ይገኙበታል።

ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ ብዙዎች በየዘመናቸው መዝነውታል። ንጉሥ በሃይማኖት ሚዛን፣ የአውሮፓ ሊቅ በቋንቋ ሚዛን፣ የዕፅዋት ተመራማሪ በመድኃኒት ሚዛን፣ ሥዕል ሰብሳቢ በመልክ ሚዛን መዝኖታል። ከእነዚህ ሚዛኖች አንዱም ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የመጽሐፉን አንድ ጎን ይዞ ሌላውን ይለቃል። የአስማት መጽሐፍ የተሠራው እንዲነበብ ብቻ ሳይሆን እንዲሠራበት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመዘን የሚገባው በተሠራበት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ለማን እንደ ተጻፈ፣ ለየትኛው ደዌ እንደ ታዘዘ፣ በየትኛው አገር እንደ ዋለና ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ በመጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ሲታለፍ ምን እንደሚጠፋ፣ ሲጠየቅም ምን እንደሚገኝ ለማሳየት በሰሜን ወሎ የሚገኘው የየጁ አገር፣ በተለይም መርሳና የሀብሩ ወረዳ፣ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

በቅድሚያ ስለ መጻሕፍቱ ዓይነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአንድ ስም «የአስማት መጽሐፍ» የሚባሉት ቢያንስ በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የብራና ጥቅልል ነው። ይህ ሁለት ወይም ሦስት ጠባብ የብራና ቁራጮች ተሰፍተው የሚሠራ፣ ጸሎትና ሥዕል እየተፈራረቁ የሚጻፉበት፣ ለአንድ ሰው ተብሎ የሚዘጋጅ ክታብ ነው። ሁለተኛው እንደ ልፋፈ ጽድቅ፣ መፍትሔ ሥራይና አርድእት ያለው፣ የታወቀ ርእስ ያለው የጸሎት መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ደብተራው ለራሱ የሚይዘው የመድኃኒትና የገቢር መዝገብ ነው፤ በዚህ ውስጥ ዐቃቤ ርእስ፣ መስተፋቅር፣ ግርማ ሞገስ፣ ለእባብ፣ ለወባ፣ ለምጥ እየተባለ ትእዛዙ በተራ ይጻፋል። አራተኛው እንደ ዐውደ ነገሥት ያለው የሐሳብ መጽሐፍ ሲሆን፣ የሰውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር አስልቶ በ12 እየገደፈ ኮከቡን የሚያወጣ ነው። አራቱን በአንድ ሚዛን መመዘን፣ የሕግ መጽሐፍን፣ የግል ደብዳቤንና የነጋዴን መዝገብ በአንድነት እንደ መመዘን ይቆጠራል።

ከመዛኞቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታወቀውና ፍርዱም የከበደው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ይህ ንጉሥ ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በተባሉት ድርሳናት ጠንቋዮችንና አስማተኞችን አጥብቆ አውግዟል። ዜና መዋዕሉም ሕዝቡ ሰይጣንን ደስክ ከተባለው ጋር መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ በግንባሩና በእጆቹ ላይ እንዲያደርግ መታዘዙን፣ በዚህም ክስ የንጉሡ የራሱ ልጆች እንኳ መቀጣታቸውን ይናገራል። የዘርዐ ያዕቆብ ሚዛን ሁለት ጉዳይ ይዟል፤ አንዱ የእምነት ጥራት፣ ሌላው የመንግሥት አንድነት ነው። ከንጉሡና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ኀይል አለኝ የሚል ሰው ለሁለቱም ጠላት ነበረ።

ነገር ግን ለታሪክ ጸሐፊ ከፍርዱ ይልቅ ውጤቱ ያስተምራል። የተወገዘው ልማድ አልጠፋም፤ ይልቁንም በዚያው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ኖረ። ዜማውን፣ ቅኔውንና አቋቋሙን የተማረው ደብተራ ብራና መዳመጥንና ቀለም መበጥበጥንም ያውቅ ነበርና፣ የአስማቱ ጽሑፍ ከእርሱ እጅ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ክታቡ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የቆመ ሌላ ሃይማኖት ሆኖ አይታይም። በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ ከወንጌል ይጠቅሳል፤ መላእክትን ይጠራል፤ ከዚያም ትርጉማቸው የማይታወቅ ስሞችን ይደረድራል። በኦርቶዶክሳዊ ጸሎትና በተወገዘ አስማት መካከል ያለው ወሰን በአንድ ብራና ላይ ከአንዱ መስመር ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። በሃይማኖት ሚዛን ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ወሰን ያያል፤ ጸሐፊውና ባለ ክታቡ ግን ወሰኑን እንዴት ያለ ጭንቀት እንደ ተሻገሩት አያስተውልም።

ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ መዛኞቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ሆኑ። ኤኖ ሊትማን በ1904 መጽሐፈ አርድእትን አሳተመ። ከ1909 ጀምሮ ዎረል ስለ ሐበሻ አስማት ተከታታይ ጥናት አወጣ። ዋሊስ ባጅ በ1929 ልፋፈ ጽድቅን በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ለንደን ላይ ሲያሳትም፣ ከጥንታዊት ግብፅ የሙታን መጽሐፍ ጋር አነጻጸረው። ንጽጽሩ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም፤ ልፋፈ ጽድቅ ከሙታን ጋር የሚቀበር ጽሑፍ ነውና። ሆኖም ሁለቱ በመመሳሰላቸው ብቻ አንዱ የሌላው ልጅ ነው ለማለት አይበቃም፤ በመካከሉ ያለው የዘመን ርቀት እጅግ ረጅም ነው። ከዚህም በላይ ይህ ዓይነቱ ንጽጽር የአንባቢውን ዓይን ወደ ዓባይ ታችኛ ሸለቆ ይወስድና፣ መጽሐፉን በደረቱ ላይ አድርጎ የተቀበረውን የኢትዮጵያ ገበሬ ያስረሳል።

ከዚህ የተሻለው ሥራ የመጣው መጽሐፉን ከባለቤቱ ጋር ለማየት ከሞከሩት ነው። ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መዝገብ በፓሪስ አሳተመ። ከእርሱ ጋር በ1932 ጎንደር የሠራችው ዲቦራ ሊፍሺትዝ በ1940 የአስማትና የጸሎት ጽሑፎችን ከትርጉም ጋር አወጣች፤ በ1942 ግን በአይሁዳዊነቷ ተይዛ ወደ አውሽዊትዝ ተወሰደችና በዚያ ተገደለች። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1955 መፍትሔ ሥራይን አሳተመ፤ በ1968ና በ1973 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፅዋት ሁለት ጥራዝ አወጣ። ማክሲም ሮዲንሶን በ1967 በጎንደር ስላለው አስማት፣ ሕክምናና ዛር ጻፈ። ዣክ መርሲዬ በ1979 ስለ ጥቅልሎቹ ሥዕሎች ያወጣው መጽሐፍ ደግሞ ሥዕሉ ለጌጥ እንዳልሆነ፣ የታማሚው ዓይንና የጋኔኑ ዓይን የሚገናኙበት መሣሪያ እንደ ሆነ አስረድቷል። ከእነዚህ ሥራዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ጽሑፉ ከደብተራውና ከታማሚው ሲለይ ግማሹ ይጎድላል።

ከእነዚህ ጥናቶች አያሌዎቹ በጎንደርና በአካባቢው ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሚዛኑን ወደ ሌላ አገር ማዞር ጠቃሚ የሚሆነው ስለዚህ ነው። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የሀብሩ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ደጋው ከፍ ብሎ ይታያል፤ በምሥራቅ በኩል ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ደገኛውና ቆለኛው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ናት። ከመርሳ በስተደቡብ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፤ ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የታላቅ ትምህርትና የመጽሐፍ ጽሕፈት ቤት ነበረ። በየጁ ውስጥ ደግሞ ዳና የታወቀ የእስልምና ትምህርትና የሱፊዎች ማዕከል ነበረች። ስለዚህ በዚህ አገር ብዕር የያዘ ሰው ከሁለት ወገን ይገኝ ነበር።

የአገሩም ታሪክ ሁለቱን ወገኖች አቀላቅሏል። ከየጁ የወጡት የወረ ሼህ መሳፍንት፣ በሥራቸው የእስልምና ዘር ያላቸው፣ በሹመታቸው ግን ክርስቲያን ሆነው፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ ራስ ዓሊ በ1853 በአይሻል እስከ ተሸነፉ ድረስ የጎንደርን መንግሥት በእንደራሴነት ገዙ። በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። እንዲህ ባለ አገር የአንድ ቤተ ሰብ አባላት የሁለት ሃይማኖት ስም ይዘው መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው። በመሆኑም ከዚህ አካባቢ የተገኘን ክታብ የሚመዝን ሰው ከሌላ ስፍራ ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ሚዛን ስም ነው። በጥቅልሉ ውስጥ የባለ ክታቡ ስም ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ጸሐፊው ጸሎቱን ሲጨርስ «ለአገልጋይህ» ወይም «ለአገልጋይትህ» እያለ ስሙን ያስገባል። ስሙም የክርስትና ስም ነው፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኀይለ ሚካኤል የመሰለው ነው። በየቀኑ የምትጠራበት ስም ስለማይጻፍ ባለቤቷን በቀላሉ ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ብራናው ሌላ ነገር ይናገራል። ክታቡ ከእናት ወደ ልጅ ወይም ከሻጭ ወደ ገዢ ሲተላለፍ የቀደመው ስም ይፋቃል፣ በላዩም ሌላ ስም ይጻፋል። የተፋቀው ስፍራ ብራናው ሳስቶ፣ የአዲሱ ስም ቀለምም ተለይቶ ይታያል። እንግዲህ ንጹሕ ጽሕፈት ያለው፣ ያልተፋቀ፣ ሥዕሉ የደመቀ ጥቅልል ለሥዕል ሰብሳቢ የበለጠ ዋጋ ያለው ቢሆንም፣ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ሦስት ጊዜ የተፋቀውና የቆሸሸው ይበልጥበታል። የመጀመሪያው የአንድ ጸሐፊን ችሎታ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው የሦስት ሰዎችን ፍርሃት ያሳያል።

ሁለተኛው ሚዛን ደዌ ነው። በጥቅልሎች ውስጥ የሚጠሩት ጠላቶች ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ጋኔነ ቀትር፣ ዛር፣ ቡዳ፣ ዓይነ ጥላ፣ ፍልጸት፣ ቍርጸት፣ ውግዓት፣ ንዳድ የተባሉት ናቸው። ይህ ዝርዝር በቸልታ ሲታይ የአጋንንት ስም ብቻ ይመስላል። ቀርቦ ሲመረመር ግን ባርያ የሚጥል በሽታ ነው፤ ፍልጸት የራስ ምታት ነው፤ ቍርጸት የሆድ ነው፤ ውግዓት ጎን የሚወጋው ነው፤ ንዳድ የወባ ትኩሳት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የአገሩን ሕመም የሚያስቆጥር መዝገብ ሆኖ ይገኛል። በቆላና በደጋ ድንበር ላይ ላለ አገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ስለ ደረሱት ወረርሽኞች የሐኪም መዝገብ እምብዛም አይገኝም። በአንድ አካባቢ የተሠሩ ክታቦች ከሌላው ይልቅ ንዳድን ደጋግመው የሚጠሩ ከሆነ፣ የታሪክ ጸሐፊው በሌላ ወረቀት የማያገኘውን ምስክርነት አገኘ ማለት ነው። ይህ ምስክርነት የሚጸናው ግን ክታቡ ከየት እንደ መጣ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ከደዌዎቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ ብራና የፈጀው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ነው። የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት በኢትዮጵያ ጥቅልሎች ከሚዘወተሩት አንዱ ነው። በታሪኩ ውርዝልያ የተባለች ክፉ ሴት የሱስንዮስን ልጅ ትገድላለች፤ እርሱም በፈረሱ ተከትሏት በጦር ይወጋታል፤ እርሷም ስሙ ወዳለበት ቤት ላለመግባት ትምላለች። ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በግሪክና በቅብጥ ጽሑፎች ስሙ ሲሲንዮስ የተባለ ቅዱስ ሕፃናትን ከምትገድል ሴት ጋር ይዋጋል። የቋንቋ ሊቅ በዚህ ላይ ቆሞ የታሪኩን ጉዞ ሊጽፍ ይችላል፤ መልካምም ያደርጋል። ነገር ግን ክታቡን በአንገቷ ያሰረችው ሴት ስለ ሲሲንዮስ አታውቅም። እርሷ የምታውቀው ሾተላይ የሚባለውን ነው፤ ያረገዘችው እንደሚጨነግፍ፣ የወለደችው ሳይጠና እንደሚሞት ነው። አያሌ ጥቅልሎች በሴት ስም መጻፋቸውም ይህን ያረጋግጣል። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ የጻፈው የኢትዮጵያ የብራና ሥነ ጽሑፍ፣ ልጅ ስለ ሞተባት ተራ ሴት የተናገረው ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዚህ በተናቀው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ሚዛን ገቢር ነው። ገቢር ማለት ከስሞቹ በኋላ የሚጻፈው የሥራ ትእዛዝ ነው፤ ይህን ሥር ቁረጥ፣ በዚህ ቀን ዐጥን፣ ከዚህ ጋር አጠጣ ይላል። የደብተራው መዝገብ ከጥቅልሉ የሚለየው በዚህ ነው። እዚህ ላይ የሚመዝነው ሰው ሁለት ጥያቄ ሊለይ ይገባዋል። አንደኛው ዕፁ ይፈውሳልን? የሚለው ነው። ኮሶ የሆድ ትልን ማውጣቱ እውነት ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1790 ስለ ዛፉ ከጻፈ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞች ራሳቸው ያዝዙት ነበር። እንዶድም እንዲሁ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ካጠቡበት በታች በወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ ዕፁ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል አስረዳ። ሆኖም ይህ ምሳሌ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይቆርጣል። አክሊሉን የመራው የልብስ አጣቢዎች ልማድ እንጂ የአስማት መጽሐፍ አልነበረም፤ እውነቱም የጸናው በምርመራ እንጂ በትውፊት ብቻ አይደለም። ስለዚህ «አባቶች ጽፈውታልና ይፈውሳል» ማለትም፣ «በአስማት መካከል ተጽፏልና ከንቱ ነው» ማለትም ሁለቱም የፈጠነ ፍርድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ዕፁ በአገሩ ይበቅላልን? የሚለው ነው፤ ለታሪክ ይህ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። በሀብሩ ቆላ የሚኖር ሐኪም ኮሶ ሲያዝ ከደጋ ሰው ጋር ይገበያያል ማለት ነው። መዝገቡ የያዛቸው ዕፆች ሁሉ የደጋ ከሆኑ መጽሐፉ ከሌላ አገር መዝገብ የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ የቆላ ዕፆች በደጋዎቹ መካከል ከገቡ፣ በተለይም በሌላ እጅ ጽሕፈት በኅዳጉ ላይ ከተጨመሩ፣ አንድ ሰው መጽሐፉን ይዞ ወርዶ በአዲሱ አገር ሠርቶበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የግዕዝ ሰዋስዉ ቢሳሳትም ለአገሩ ታሪክ የከበረ ነው። ቋንቋውን ብቻ የሚመዝን ሰው ግን «የተበላሸ ቅጂ» ብሎ ይተወዋል።

አራተኛው ሚዛን የሁለቱ ሃይማኖቶች ግንኙነት ነው። በክርስቲያኑ ክታብ መርበብተ ሰሎሞን የሚባል ጸሎት አለ፤ በእርሱ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን ዓሣ በመረብ እንደሚያዝ ይይዛቸዋል። በሙስሊሙም ዘንድ ነቢዩ ሱለይማን ጂኖችን የገዛ ንጉሥ ነው፤ የሼሁ ክታብ የቁርኣን አንቀጽ፣ የአላህን ስሞችና በአራት ማዕዘን ቤቶች የተደለደሉ ፊደሎችን ወይም ቁጥሮችን ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በዓረብኛ ይጻፋል፤ አንዱ የመላእክትን ፊት ይሥላል፣ ሌላው ከሥዕል ይርቃል። ቢሆንም የሚታመኑበት ነገር በብዙው አንድ ነው፤ ስም ኀይል አለው፤ የተጻፈ ስም ከተነገረ ስም ይጸናል፤ ጋኔን በስሙ ሲጠራ ይታሰራል። ታማሚው ሁለቱን ደጃፎች ሲያንኳኳ ሃይማኖቱን እንደ ካደ አድርጎ አይቆጥረውም፤ ፈውስን ከሚገኝበት ይፈልጋል። በጎንደር የሃይማኖት ሚዛን ይህ ቅልቅል ጉድፍ ሆኖ ይታያል፤ በየጁ ሚዛን ግን የአገሩ መልክ ነው።

አምስተኛው ሚዛን በመጽሐፉ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። የደብተራው መዝገብ ለማንም አንባቢ የተጻፈ አይደለም። ብዙ ጊዜ የዕፁ መጠን አይነገርም፤ ስሙም በስውር ይጻፋል፤ ገቢሩ በግማሽ ይቆማል። ይህን ጉድለት የጸሐፊው ስንፍና አድርገው የወሰዱ አሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ለተማረው ማስታወሻ ነው፤ የቀረው በመምህሩ አፍና በደቀ መዝሙሩ ጆሮ ይጠበቃል። እንዲህ በመሆኑም ምስጢሩ ዋጋውን አያጣም፤ መርዝ የሚሆነውም ዕፅ ባላወቀ ሰው እጅ አይወድቅም። ዐፀ ፋሪስን ያህል አእምሮን የሚያስት ዕፅ መጠኑ ሳይታወቅ ማጠጣት ሞት ማምጣት ነው። እንግዲህ ያለ መምህሩ የተሸጠ መጽሐፍ፣ ምንም እንኳ ቅጠሉ ባይጎድል፣ ጎዶሎ መጽሐፍ ነው።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ለመጽሐፉ የሚያዳላ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሚዛን ሁለት ሳሕን አለው፤ ጉዳቱም ሊመዘን ይገባል። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ በአደባባይ ይሠራበት ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ወይም የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚህ ልማድ የአስማት ትእዛዝ የዳኛን ወንበር ያዘ፤ ንጹሕ ሰውም ማስረጃ ሳይቀርብበት ዕዳ ይከፍል ነበር። ልማዱ ኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተከልክሏል። ከዚህም የረዘመ ጉዳት ያደረሰው የቡዳ ነገር ነው። በክታቦቹ ዝርዝር ቡዳና ነሃቢ፣ ይኸውም አንጥረኛ፣ ከአጋንንት ጋር ተሰልፈው ይጠራሉ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ማረሻውንና ምጣዱን ለገበሬው የሚያቀርቡት ባለ እጆች፣ በእነርሱ እጅ ሥራ ከሚኖረው ጎረቤታቸው ተለይተው ሲናቁ ኖሩ። ክታቡ ይህን ንቀት አልፈጠረው ይሆናል፤ ግን ጽፎ፣ በቅዱስ ስም ማኅተም አትሞ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላልፎታል። ለልጇ ሞት ማጽናኛ የሰጠው ያው ብራና ለጎረቤቷ ስድብ ሆኗል። አንዱን አንሥቶ ሌላውን የሚሸሽግ መዛኝ፣ ከዘርዐ ያዕቆብም ሆነ ከባጅ የተሻለ አልመዘነም።

እነዚህ አምስት ሚዛኖችና ስለ ጉዳት የተነገረው አንድ ላይ ሲታዩ፣ የአስማት መጽሐፍ ዋጋ ከምን እንደሚመጣ ይገልጣሉ። ዋጋው ከዕድሜው ብቻ አይመጣም፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ከሚገኙት ጥቅልሎች አብዛኞቹ ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተጻፉ ናቸውና። ከግዕዙ ጥራትም፣ ከሥዕሉ ድምቀትም ብቻ አይመጣም። ዋጋው የሚመጣው አንድን ሰው፣ አንድን ሕመም፣ አንድን ስፍራና አንድን ባለ እውቀት ባንድነት አስሮ ከመያዙ ነው። ከአራቱ አንዱ ሲቆረጥ መጽሐፉ ይደኸያል፤ አራቱም ሲቆረጡ የሚቀረው በብራና ላይ የተሣለ ዓይን ብቻ ነው።

የሚያሳዝነውም በብዙዎቹ ላይ የደረሰው ይህ መሆኑ ነው። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ብዙ የብራና ጽሑፎችን ሰብስቦ ከመጥፋት አድኗል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ግን እጅግ ብዙ ክታቦች በተጓዦችና በነጋዴዎች እጅ ከአገር ወጥተዋል። በየውጭ አገሩ ሙዚየም በመስተዋት ውስጥ የተሰቀለ ጥቅልል ብዙውን ጊዜ የሚይዘው መግለጫ «ኢትዮጵያ፣ 19ኛው መቶ ዓመት» የሚል ብቻ ነው። ከመርሳ ይሁን ከጎንደር፣ ከደጋ ይሁን ከቆላ፣ የሻጩ እናት ትሁን አያቱ ያሰረችው አይታወቅም። በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም ግን እዚያው ነው፤ ለማን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው እንጂ ስሙ አልጠፋም።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት የተሰማሩ ሁሉ፣ በተለይም ወደ የአገራቸው ለጥናት የሚሄዱ ተማሪዎች፣ ክታብ ባዩ ጊዜ ለመግዛት ወይም ለመፍረድ ከመቸኮል ይልቅ እንዲጠይቁ ያስፈልጋል። ማን አሠራው? ለምን ሕመም? ብራናው የየትኛው እንስሳ ቆዳ ነው? ጸሐፊው ከየት ትምህርት ቤት ወጣ? ስሙ ስንት ጊዜ ተፋቀ? ከዚያ በኋላ ማን አሰረው? የዕፆቹስ ስም በአካባቢው ምን ይባላል? እነዚህን ጥያቄዎች በሀብሩ ገበያ ወይም በየጁ ገጠር የሚመልስ ሽማግሌ፣ ደብተራ ወይም ሼህ ባረፈ ቁጥር ከመጽሐፉ ግማሹ አብሮ ይቀበራል። ብራናው ከእሳትና ከአይጥ ከተጠበቀ ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል፤ ትርጓሜው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ አያልፍም። አስማት ስሞች ማለት ከሆነ፣ የመዛኙ የመጀመሪያ ግዴታ ስሙን ከባለቤቱ ጋር መዝግቦ ማቆየት ነው።